በታወቀ ሰዓት

በሰቆጣ የሁዳዴ ጾም የሚፈታው ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ነው። እናቴ ማታ 2 ሰዓት ራቷን ከበላች በኋላ እስከዚያ ድረስ እህል ውሃ አትቀምስም ነበር፤ ሲቆጠር 19 ሰዓት ይሆናል። ልማዱ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አጠገብ ላደግን ልጆች እንደ ወቅት መፈራረቅ ነበር። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ የፍየልና የማር አገር ሆኖ ሳለ 55 ቀን ሥጋም ወተትም አይነካም፤ ማዕዱ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮና ተልባ ነው።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ ያንኑ 19 ሰዓት በአንድ ጥናት ውስጥ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ የሚርያም መራድ ቡድን ጤነኛ ሰዎችን ለ19 ሰዓት አስጾሞ ደማቸውን ቢመረምር፣ ብግነት የሚያባብሱት ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ቀንሰው ተገኙ። ምክንያቱን ያገኙት በአይጦች ጉበት ነው። ሕዋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ኤቲፒ ከተባለ ውህድ ነው፤ ኤቲፒ ሲቀንስ ኤኤምፒ ይበዛል። ይህን የሚያነብ ኤኤምፒኬ የተባለ ኤንዛይም አለ። እሱ ሲነቃ ሲሲኤል2 የተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ይቀንሳል። ሞኖሳይቶችን ከአጥንት መቅኔ ወደ ደም የሚጠራቸው ይህ ፕሮቲን ነውና፣ ጥሪው ሲዳከም እዚያው ይቀራሉ። ደስ ያለኝ ደግሞ፣ የጾሙት አይጦች ተሕዋስያን ሲገቡባቸው የመከላከል አቅማቸው አለመጉደሉ ነው።

ማንም ግን በዚህ ረሃብን እንዳያወድስ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ይለዋል። በ1977 ዓ.ም. የዋግን ሰው ወደ ኮረም ያሰደደው ረሃብ የታወቀ ሰዓት አልነበረውም። ኤኤምፒኬ ስብ አስነድዶ ሰውነትን ለጊዜው ያቆያል፤ ስቡ ሲያልቅ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል፣ የመከላከያ ሕዋሳቱም ይመናመናሉ። ያኔ ኩፍኝና ተቅማጥ ሕፃናትን ይጨርሳሉ።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም ሲወስን፣ ውሳኔውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ያለው ያን ረሃብ አስቦ ነው። ሕፃን መራብ እንደሌለበት እናቴ ያለ ቃል ኪዳን ታውቅ ነበር፤ እሷ እስከ 9 ሰዓት ስትቆይ ለታናሽ ወንድሜ በጠዋት ገንፎ ታገነፋለች፣ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጾም አይታዘዝምና። እኔም ሕፃን ስመዝንና ቁመቱን ስለካ እናቱን መጀመሪያ የምጠይቃት ልጁ ጠዋት ምን እንደ በላ ነው።