ደቀ መዝሙሩና መድረኩ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ፈተናው አልቆ የውጤት ካርዱ ከመታደሉ አስቀድሞ፣ በከተሞቻችን የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች የወላጆችን ቀን ያከብራሉ፤ አዳራሹ በፊኛና በወረቀት አበባ ይሸለማል፣ ሕፃናቱ በአማርኛ ይዘምራሉ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ግጥም በቃላቸው ይወጣሉ፣ ከፍ ያሉትም አጭር ቴአትር ያሳያሉ። ይህን ልማድ የሚመለከት ሰው ሁሉ ከባሕር ማዶ ከነመጋረጃው ተጭኖ የመጣ ሥርዓት ይመስለዋል። መጋረጃው በእርግጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልጅን በጉባኤ ፊት አቁሞ በልሳኑ ማስመስከር በዚህ አገር መጋረጃ ከመታወቁ አስቀድሞ የነበረ ነው፣ የልማዱንም ታሪክ በቅጡ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከአብነት ትምህርት ቤት መነሣት ይገባዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ተብለው ከተከፈሉት ማዕርጋት ሁለቱ፣ ማለት ዜማውና ቅኔው፣ ዛሬ ኪነ ጥበብ ብለን የምንጠራውን ነገር የሚያስተምሩ ነበሩ። በዜማ ቤት ተማሪው የቅዱስ ያሬድን ድርሰት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዜማል፤ ወደ አቋቋም ቤት የተሻገረ እንደ ሆነ ደግሞ መቋሚያውን ይዞ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጋር እግሩን፣ ትከሻውንና ድምፁን ማስማማት ይማራል። ለዚህ ሁሉ የተለየ የመዝናኛ ሰዓት የተመደበለት አይደለም፤ ዳባ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ የተሰደደው በዋናነት ለዚሁ ጥበብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ግን የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። የቅኔው መምህር የራሱን ቅኔ ለተማሪዎቹ ከነገረና ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ምሥጢሩን ከፈታ በኋላ፣ ተማሪው የመምህሩን ቃል ይዞ መድገም ብቻ አይበቃውም፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት አጠገብ ተቀምጦ፣ ነጠላውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ይዞ ከየኔታ ፊት ሲቀርብ ቤት የጎደለበት፣ ዜማ የሰበረበት፣ ሰሙ ወርቁን ያልተሸከመለት እንደ ሆነ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል እንጂ ትናንት የተመሰገነበትን መልሶ ሊያቀርብ አይፈቀድለትም። እንግዲህ በዋሸራም ሆነ በዋድላ፣ የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት በየቀኑ ደራሲ እንዲሆን የሚገደድበት ትምህርት ቤት ነበረን ማለት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን የትምህርት ዓላማ ሌላ መልክ ያዘ። መንግሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚዋዋልበት፣ የባቡሩንና የባንኩን ወረቀት የሚያነብበት ሰው ይሻ ስለ ነበር፣ ከግብጽ በመጡት ቅብጣውያን መምህራን እጅ የተጀመረው ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋ ትምህርት ሆነ። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከራሳቸው ገንዘብ ወጪ አድርገው ያሠሩትና ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት፣ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤትም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይነት ሲመሩት ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ዋና አድርጎ ተነሣ። በአሊያንስና በሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ነገሩ ይህንኑ ይመስል ነበር፤ ርእሰ መምህሩ የውጭ ሰው፣ መጽሐፉ የውጭ መጽሐፍ፣ የምድር ካርታውም ከውጭ የመጣ ነበርና።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግዕዝና አማርኛ እንዲያስተምሩ የተቀጠሩት ግን ከዚያው ከአብነት ትምህርት ቤት የወጡ ሊቃውንት ነበሩ። በቅኔ ቤት የጉባኤው ራስ የነበረ መምህር በአዲሱ ትምህርት ቤት የተሰጠው የሰዓት ድርሻ አነስተኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ የዓመቱ መዝጊያ፣ የንግሥ በዓል ወይም የመኳንንቱ ጉብኝት በደረሰ ጊዜ ግጥሙን የሚደርስ፣ መዝሙሩን የሚያስጠና፣ ተማሪውን የሚያሰልፍ ሰው ሲፈለግ ከእርሱ በቀር የሚገኝ አልነበረም። የክፍሉን ትምህርት የውጭው ርእሰ መምህር ሲገዛው፣ የበዓሉ አዳራሽ የአማርኛው መምህር ግዛት ሆነ፤ በእኔ አስተያየት የአማርኛ ቴአትር በትምህርት ቤት ግቢ የበቀለበት ምክንያት ይህ ነው።

በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት በአውሮፓ ያዩትን አብነት አድርገው ነው፤ ያም ቴአትር የቤተ መንግሥቱን ወገን ስላስቈጣ ታገደ። ከዚያ በኋላ ጥበቡን አንሥተው ያሳደጉት ግን አውሮፓን ያላዩት፣ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ ከጎጃም ወጥተው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት እያስተማሩና እየመሩ፣ ተማሪዎቻቸውን ተዋንያን አድርገው ቴአትር ማሳየት ጀመሩ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም መላኩ በጎሰው ይህንኑ ሥራ ያዙ። ለዮፍታሔ ድርሰቶች የሙዚቃ ረዳት የሆኑት አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድነት የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር፣ አንደኛው ግጥሙን ሁለተኛው ዜማውን፣ አበርክተዋል።

የዚያን ዘመን የትምህርት ቤት ቴአትር በዛሬ ዓይን የሚያይ ሰው ረጅምና ከባድ ሆኖ ያገኘዋል። ንግግሩ በግጥም የተሠራ ነው፤ ተዋንያኑ የሚጠሩበት ስም ራሱ ምሥጢር ያዘለ በመሆኑ፣ አድማጩ በፊት ለፊት የሚያየውን ታሪክ እንደ ሰም ይዞ የአገሩን ነገር እንደ ወርቅ እንዲፈልግ ይገደዳል፤ ማለትም ደራሲው ቅኔውን ከቤተ መቅደስ አውጥቶ በመድረክ ላይ በሰው አካል አቆመው። የሴቷን ቦታ ጺም ያላወጣ ወንድ ተማሪ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይጫወተዋል። በፊተኛው ረድፍ መሳፍንትና መኳንንት፣ ከኋላቸው የውጭ አገር መልእክተኞች፣ ከዚያም ወላጆች ይቀመጣሉ። በሕዝቡ ዘንድ አዝማሪነት እንደ ተናቀ ሥራ ይቈጠር በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የጨዋ ልጅ በሰው ፊት ሲያለቅስ፣ ሲስቅና ሲያዜም ነውር ያልሆነበት የትምህርት ቤት ስም ከለላ ስለ ሆነው ነው። በዚህም የተነሣ በተማሪ እጅ የተለመደው ጨዋታ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም በሕዝብ ፊት ለመቅረብ መንገዱ ተጠርጎለት ቈየው።

የጠላት ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ትምህርቱን አቋረጠ፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በጥይት አለቁ። ነፃነት ሲመለስ የትምህርት ቤቱ መድረክ ያንኑ መከራ የሚተርክ ሆነ፤ የዮፍታሔ «አፋጀሽኝ»ም በዚያን ጊዜ ታየ። በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች ተከፍቶ በነበረው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ፣ በስዊስ የተማሩትና በወረራው ዘመን ተማርከው በኢጣልያ ደሴት ታስረው የነበሩት ስንዱ ገብሩ ርእሰ መምህርት ሆነው፣ ለልጃገረዶቹ ቴአትር እየደረሱ ያስጠኑ ነበር። ከዚህ በፊት በውሰት ቀሚስ የቆመው ወንድ ልጅ ቀርቶ፣ ሴት ተማሪ በራሷ ድምፅ የአገሯን ታሪክ ተናገረች፤ ስንዱም የደረሷቸውን ሰብስበው «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ርእስ አሳተሙ።

እስከዚህ ድረስ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ደራሲው መምህሩ፣ ተማሪው ግን አፍ ብቻ ነበርና። በቅኔ ቤት በየቀኑ ይደርስ የነበረው ልጅ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የሌላውን ድርሰት በቃሉ የሚይዝ ሆነ፤ የከበደ ሚካኤልን ግጥሞች አጥንቶ በሰልፍ ላይ የሚወጣ ተማሪ ይሞገስ ነበር እንጂ የራስህን አምጣ የሚለው አልነበረም። ይህ ልማድ የተሰበረው ከተማሪዎቹ በኩል ነው። በአምቦ ትምህርት ቤት የነበረው፣ ግዕዝም የተማረው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ልጅ ሳለ የራሱን ቴአትር ደርሶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አሳየ። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች የራሳቸውን ግጥም ይዘው ይወዳደሩ ጀመር፤ በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» በዚሁ ጉባኤ ተሰማ፤ ከዚያም በኋላ ከቅኔ ቤት የመጣው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን አቀረበ። መንግሥቱ በእነዚህ ግጥሞች መቈጣቱና ተማሪዎችን መቅጣቱ ይታወቃል። ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌት ቆመው በሰምና ወርቅ ንጉሡን ይገሥጹ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ግን ልጆቹ ያደረጉት አዲስ ነገር አለመሆኑን ያስተውላል፤ አዲሱ ነገር ወርቁን ያለ ሰም አውጥተው መናገራቸው ነበር።

በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰው የሕዝብ ተባሉ፤ መድረኩም ለሰልፍና ለመፈክር አደረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ትምህርት ቤት እንደገና ሲፈቀድ፣ የኪነ ጥበብ ክበብ፣ የቋንቋ ክበብና ሚኒ ሚዲያ የሚባለው የድምፅ ማጉያ ፕሮግራም ከትምህርቱ ጋር አብረው ተመለሱ፤ ልጁን ከትምህርት በኋላ ሥዕል፣ ፒያኖና የውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩም ብዙ ናቸው። ወላጁም በክፍያው መጠን ይህን ሁሉ ይጠይቃል።

ነገር ግን በሰኔው በዓል ላይ የሚሰማው አብዛኛው ቃል የልጁ አይደለም፤ ግጥሙን መምህሩ ጽፎታል፣ ዘፈኑ ከስልክ ተወስዷል፣ የውጭ ቋንቋውም ንግግር ከመጽሐፍ ተገልብጧል። አለባበሱ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ ቢሆንም፣ ታሪኩ በሚያስረዳን መሠረት ልጁ የቆመው በዮፍታሔ ተማሪ ቦታ እንጂ በዮፍታሔ ቦታ አይደለም። ዮፍታሔን ዮፍታሔ ያደረገው ደግሞ የደብረ ኤልያስ ጉባኤ፣ ያውም ያለ መጋረጃና ያለ ወጪ፣ ሁለት ነገር ስለ ሰጠው ነው፤ አንደኛው በየቀኑ የራሱን ቃል እንዲያመጣ የሚያስገድድ ሥርዓት፣ ሁለተኛውም ያመጣውን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ጥፋቱን በስም ጠርቶ የሚያርም መምህር ነው። የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች አዳራሽ ለመሥራት የሚያወጡትን ገንዘብ ማንም አይነቅፍም፤ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱን ከፍለው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የጻፉትን ቁጭ ብሎ የሚያርም አንድ የቋንቋ ሊቅ ቢቀጥሩ ግን ከመድረኩ የሚያገኙት ፍሬ ይበልጥ ነበር።