ዴርቶጋዳ

ልብ ወለድ። ደራሲ፦ ይስማዕከ ወርቁ። የታተመው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ።

የጣና ገዳማት፣ የጠፈር ሳይንስና የውጭ ሰላዮች በአንድ ታሪክ ተገናኝተዋል። ምናባዊ ልብ ወለድ በአማርኛ አንባቢ አያገኝም የሚለውን ግምት ይህ መጽሐፍ አፍርሶታል። ደጋግሞ ታትሟል፤ አዟሪዎች ከመዳፋቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው በየታክሲው መስኮት ሸጠውታል። ቀጣዩ ክፍል «ራማቶሓራ» ተከትሎታል።

ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌው አዲሱ ገበያ ሽቅብ በሱሉልታ በኩል የሚወጣው የጎጃም መንገድ እዚያው ጣና ያደርሳል። የጉለሌ አንባቢ የታሪኩን ሥፍራ በአውቶቡስ ሄዶ ማየት መቻሉ ለእንዲህ ያለ ድርሰት ትልቅ ጉልበት ነው።

ሥፍራውን ከማየት አልፎ ወደ ታሪኩ መግባትም ይቻላል፦ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘው ጨዋታ ተጫዋቹን ራሱን የታሪኩ ገጸ ባሕርይ አድርጎታል። በአማርኛም እንዲህ ያለ የጨዋታ መጽሐፍ የሚጽፍ ቢነሳ፣ የጣና ደሴቶች ከበቂ በላይ ካርታ ይሆኑታል።