ወተት ውስጥ ያለው ሆርሞን ይጎዳል? ታሪኩን እንይ



ሰሞኑን አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። እናትየው «ከወተቱ ሆርሞን ነው» ስለተባለች ወተት አስቁማ ለውጥ ስትጠብቅ ቆይታለች። ይህን ስጋት ብዙዎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እስኪ ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን እንይ።

አዎ፣ ወተት በተፈጥሮው ሆርሞን አለው። ላሟ እርጉዝ ሆና ስትታለብ ደግሞ ኢስትሮጅኑ ይጨምራል። ዋናው ነገር ስንጠጣው ሰውነታችን ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ከእድገት ሆርሞን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሐኪሞች ቁመታቸው አልጨምር ላላቸው ልጆች ከከብት የተወሰደ የእድገት ሆርሞን በመርፌ ሰጥተው ሞክረው ነበር፤ አልሠራም። በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም ሞሪስ ራበን ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ ዕጢ የወጣውን ሆርሞን ሲሰጥ ግን ታካሚው ቁመት ጨመረ። የላም የእድገት ሆርሞን ለሰው አይሆንም ማለት ነው። በዚያ ላይ ፕሮቲን ስለሆነ ስንጠጣው እንደ ሌላው ምግብ ይፈጫል።

ኢስትሮጅን ይለያል። ኢስትራዲዮል የተባለው ዓይነት በላምም በሰውም አንድ ነው። ነገር ግን በአፍ ሲወሰድ አብዛኛውን አንጀትና ጉበት ያከሽፉታል። በ1938 በርሊን ውስጥ ኢንሆፈንና ሆልቬግ ጉበት በቀላሉ የማይሰብረውን ኤቲኒል ኢስትራዲዮል የሠሩት ይህን ችግር ለማለፍ ነው። ዛሬ በብዙ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ውስጥ ያለው እሱ ነው። መጠኑም ይለያያል፦ በአንድ ብርጭቆ ወተት ያለው ኢስትሮጅን በናኖግራም ሲለካ፣ የአዋቂ ሴት ሰውነት በቀን የሚያመርተው በማይክሮግራም ነው። አንድ ማይክሮግራም 1,000 ናኖግራም ነው።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? በዚያው 1938 ለንደን ውስጥ የቻርልስ ዶድስ ቡድን ዳይኢቲልስቲልቤስትሮል የተባለ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ይፋ አደረገ። አሜሪካ ውስጥ ፅንስ እንዳይወርድ ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ተሰጠ፤ ከ1954 ጀምሮም በሚደልቡ ከብቶች መኖ ላይ ተጨመረ። በ1971 እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት መድኃኒቱን በወሰዱ ወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር መገኘቱ ታወቀ። በ1979 ለከብት መስጠትም ተከለከለ። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ግን በሐኪም የታዘዘ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ነው።

በልክ በሚጠጣ ወተት ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሆርሞን ሰውን እንደሚጎዳ እስካሁን አልተረጋገጠም። ልጅቷን ወደ ሕፃናት ሆርሞን ስፔሻሊስት ልኬያታለሁ፤ ቢሆንም ወራት ባክነዋል። ሴት ልጅ ከ8 ዓመት፣ ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በፊት የጉርምስና ምልክት ካሳዩ ምክንያቱ መመርመር አለበትና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ወተቱንም አፍልታችሁ ስጧቸው።

መልካም ጤና!