ከማተሚያ ቤቱ የቀረው፤ የአንትወርፕ አንድ ቤተ ሰብ ሥራና ትዝታ

ማተሚያ ቤት የሌላውን ሰው ቃል ለትውልድ ሲያስተላልፍ ይኖራል፤ የራሱን ታሪክ ግን እምብዛም አያትምም። የሒሳብ መዝገቡ፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ በቀይ ቀለም የተሰረዘው የእርማት ገጽ ሁሉ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ እንደ ጉድፍ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት ቤቱ ሲዘጋ የሚተርፈው የሰፈር ሽማግሌዎች የሚያወሩት ትዝታ ብቻ ነው፤ ትዝታም ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ከተማ የነበረው የፕላንቲንና የሞሬቱስ ቤተ ሰብ ማተሚያ ቤት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መሥራቹ ክሪስቶፍ ፕላንቲን ፈረንሳዊ ነበር። በ1549 ገደማ ወደ አንትወርፕ መጥቶ በመጽሐፍ ጠራዥነት ተቀመጠ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚያው ወቅት አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው መነኮሳት ጋር በሮማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሲያሳትሙ ነበር። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ቀደም ብሎ በ1513 እዚያው ሮማ በፊደላችን ታትሟል። ስለዚህ የፕላንቲን ማተሚያ በ1555 ሥራ ሲጀምር የእኛ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ ከተሰለፈ አርባ ዓመት አልፎት ነበር።

ጠራዡ እንዴት አታሚ ሆነ? የልጅ ልጁ ባልታዛር ሞሬቱስ በደብዳቤ የተወው የቤተ ሰብ ትውፊት እንዲህ ይላል፤ ፕላንቲን አንድ ምሽት ሥራውን ለደንበኛ ሊያደርስ ሲሄድ ሰካራሞች ሌላ ሰው መስሏቸው በስለት ወጉት፤ ክንዱ ስለ ተጎዳ ጥረዛውን ትቶ ወደ ኅትመት ዞረ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በስውር ይንቀሳቀስ ከነበረ አንድ የሃይማኖት ማኅበር የመነሻ ገንዘብ ሳያገኝ አልቀረም ይላሉ። ሁለቱ አይጣሉም። ትዝታ ቁስሉን ያስታውሳል፤ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ግን መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል።

በ1562 ከማተሚያ ቤቱ እንደ ኑፋቄ የተቆጠረ ጽሑፍ ወጥቶ በመገኘቱ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ። ፕላንቲን ያን ጊዜ ፓሪስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ከባለ ገንዘቦች ጋር ተሻርኮ እንደገና ጀመረ። ከ1568 አንሥቶ በእስፓኝ ንጉሥ በዳግማዊ ፊልጶስ ድጋፍ መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራይስጥ፣ በአራማይክ፣ በሱርስት፣ በጽርዕና በላቲን በስምንት ጥራዝ ማሳተም ያዘ፤ ሥራውም አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። ሥራው በበረታበት ዘመን 16 ማተሚያዎችና ከ50 በላይ ሠራተኞች ነበሩት።

በዚህ ታላቅ ሥራ የቤቱ ልጆችም ተካፋይ ነበሩ። ፕላንቲን ራሱ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ገለጸው ሴቶች ልጆቹ ገና በሕፃንነታቸው ለአራሚዎች ጽሑፍ ያነብቡ ነበር። ከእነርሱም አንዷ ማግዳሌና የእርማት ገጾችን ለሊቁ አርያስ ሞንታኑስ እያደረሰች የዕብራይስጡንና የጽርዑን ጽሑፍ ታነብለት ነበር። የከተማው ሕዝብ የሚያስታውሰው ባለ ኮምፓሱን የማተሚያ ቤት ምልክትና የመሥራቹን ስም ነው፤ የልጅቷን ድካም ያቆየልን ግን ያ ደብዳቤ ነው።

በ1576 ቤተ ሰቡ የዓርብ ገበያ በሚባለው አደባባይ ወዳለው ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ደመወዝ የተከለከለ የእስፓኝ ጦር ከተማዋን ሲዘርፍ ፕላንቲን ቤቱን ለማዳን ደጋግሞ ገንዘብ ከፈለ። በ1589 ሲሞት ሥራው የማርቲና ባል ለሆነው ለአማቹ ለያን ሞሬቱስ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያቆመው ለእስፓኝ ግዛቶች የጸሎት መጻሕፍት የማተም መብት ነበር። ይህ መብት በ1764 ሲቀር የገቢው ምንጭ ደረቀ፤ ማተሚያው እየተዳከመ ሄዶ በ1867 ተዘጋ።

ኤድዋርድ ሞሬቱስ በ1876 ቤቱን ከነሙሉ ዕቃው ለከተማው ሸጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በዓለም ካሉት ሁሉ የቆዩ ናቸው የሚባሉ ሁለት ማተሚያዎች፣ የፊደል መቅረጫዎችና ማፍሰሻዎች፣ የደብዳቤና የሒሳብ መዝገቦች በአንድነት ተርፈዋል። ዩኔስኮ መዛግብቱን በ2001፣ ቤቱን በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዛሬ አንድ ተመራማሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ፊደል ለቃሚ በሳምንት ስንት ይከፈለው እንደ ነበር ማወቅ የሚችለው እነዚያ መዝገቦች ስላልተጣሉ ነው።

ይህ ጸሐፊ በወጣትነቱ በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ የቤተ ሰብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ይላላክ ነበር። ሽማግሌው ፊደል ለቃሚ ከ200 በላይ ዓይነት ፊደላት የተደረደሩበትን ሣጥን ሳያዩ፣ በእጃቸው ልማድ ብቻ ይለቅሙ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ፊደሉ በኪሎ ተመዝኖ ለማቅለጫ ተሸጠ፤ የትእዛዝ መዝገቡም ለባለ ሱቅ መጠቅለያ ሆነ። ዛሬ የዚያ ቤት ልጆች እንኳ በየትኛው ዓመት ምን እንደ ታተመ ሲከራከሩ የሚዳኛቸው ወረቀት የለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ያለው የአገራችን ኅትመት ታሪክ በትልልቆቹ ድርጅቶች ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝና የመማሪያ ደብተር ያተሙ ትንንሽ ቤቶችም ድርሻ አላቸው።

የማኅበራችን አባላት ከአንትወርፕ የምንማረው ሙዚየም መሥራትን አይደለም፤ ለዚያ አቅሙ የለን ይሆናል። የምንማረው አለመጣልን ነው። በየመጋዘናችን ጥግ የተከመረ አሮጌ መዝገብ ያለን፣ ከመሸጣችን በፊት አንድ ቀን ተቀምጠን እንግለጠው። ሽማግሌ ፊደል ለቃሚ የምናውቅም ሳይመሽባቸው ሄደን እንጠይቃቸው፤ የሚነግሩንንም በቀኑና በስሙ እንጻፈው። ቃል ይረሳል፤ መጽሐፍ ይወሳ ማለት ለሌላው ብቻ የተባለ አይደለም፤ ለመጽሐፍ አታሚውም ጭምር ነው።