«የሌለው» እና «ያልተገኘለት»፦ ስለ «ብቸኛ ቁጥር» ብያኔ

ግሪኮች «ፕሮቶስ»፣ ላቲኖች «ፕሪሙስ» ያሉት ቁጥር በስሙ «ፊተኛ» ማለት ነው። አማርኛ «ብቸኛ ቁጥር» ሲል ከስሙ ይልቅ ወደ ብያኔው ያደላል፤ ኤውክሊድ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ300 ገደማ የበየነው በአንድ ብቻ የሚለካ መሆኑን ገልጾ ነውና። ስለዚህ ስያሜው ይጽና እንላለን፤ ብያኔው ግን ጥንቃቄ ይሻል።

መነኩሴው ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644፣ 67 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር ብቸኛ ነው አለ፤ የ127ቱንም እንዲሁ። ኤዱዋር ሉካስ በ1876 ሁለቱንም መረመረ። የ127ቱ፣ ባለ 39 አኃዙ፣ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ይህም እስከ 1951 ከታወቁት ሁሉ ታላቁ ሆኖ ቆየ። የ67ቱ ብቸኛ አለመሆኑን ቢያስረዳም አካፋዮቹን አላገኘም። ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ ያሳየው በ1903 ነው።

እንግዲህ «አካፋይ ያልተገኘለት» ብለን ብንበይን፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ 27 ዓመት «ብቸኛ» በተባለ ነበር። አለመገኘት የፈላጊው ነው፤ አለመኖር የቁጥሩ። ለመዝገበ ቃላት የሚገባው ብያኔ «ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር» የሚለው ነው።