ቀን እንጨት ለቀማ፣ ሌሊት ቁርአን

«ልጄ ኮሌጅ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ለጀመዓው ጊዜ የለውም» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ የመስጊድ ሽማግሌዎቻችን ኮሌጅ የገባን ልጅ ከእጃቸው እንዳመለጠ ይቆጥሩታል። ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ትምህርትና ኺድማ አብረው አይሄዱም በሚለው። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ እንጀምር። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ካስተላለፏቸውና ኢማም ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች እንደምንረዳው፣ በመዲና «ቁርራእ» የሚባሉ ሰባ አንሳሮች ነበሩ። ሌሊቱን ቁርአን ሲያነቡና ሲማማሩ ያሳልፋሉ። ቀን ውኃ ቀድተው መስጊድ ያኖራሉ፤ እንጨት ለቅመው ይሸጡና በገንዘቡ ለድሆችና ለአህለ ሱፍፋ ምግብ ይገዛሉ። አህለ ሱፍፋ የሚባሉት ቤት ንብረት ስላልነበራቸው በነቢዩ መስጊድ ጥላ ሥር ይኖሩ የነበሩት ሶሃቦች ናቸው። እንግዲህ ቁርራኦቹ «ተምረን ስንጨርስ እናገለግላለን» ብለው ቀጠሮ አልያዙም። በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰዎችን እንዲያስተምሩ ተልከው ሲሄዱ ቢእር መዑና በተባለ ሥፍራ በክህደት ተገደሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በእጅጉ አዘኑላቸው።

በአገራችንም የወሎ ደረሳ ይህንኑ ፈለግ ተከትሏል። በዳና፣ በገታና በሌሎችም የዒልም ማዕከሎች ደረሳው ፊቅሁንና ነህዉን ከሸሁ ሥር ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ ጎን ለጎን የሸሁን እርሻ ያርማል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ከእርሱ በታች ያለውን ልጅ ያስቀራል። የሚያበላው አካባቢው ነው። ስለዚህ ደረሳው የማን ባለዕዳ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ችግር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ረሃቡም ብርዱም ብዙ ነበር።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ በ1954 ዓ.ም በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትልቅ ሙከራ እናገኛለን። ዩኒቨርሲቲው በ1956 ዓ.ም ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም ወጡ። ለኑሮ የምትሆን አነስተኛ አበል ይሰጣቸዋል፤ አብዛኞቹም መምህር ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። ምረቃችንን ያዘገይብናል ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ይሁንና ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ ወጣቶች የጭሰኛውን ኑሮ በዓይናቸው አዩ። ታሪክ ጸሐፊዎች የተማሪው ንቅናቄ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች እንዲሰፋ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ አገልግሎት እንደነበር ይጽፋሉ። መንግሥት አስተማሪ ልኮ ጠያቂ ተቀበለ ማለት ነው። ሙስሊም ተማሪዎች በዚያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ስለነበሩ ከዚህ ዕድል የደረሰን ድርሻ ትንሽ ነው።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ደርግ የዕድገት በኅብረት ዘመቻን አወጀ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መሃይምነትን ለማጥፋትና ገበሬውን ለማደራጀት የተሠራው መልካም ሥራ አይካድም። ግን በእኔ አስተያየት ሁለቱ የሚነጻጸሩ አይደሉም። የመጀመሪያው ተማሪ በጎደለ ቦታ አስተማሪ ሆኖ ገባ፤ ትምህርቱም ይጠብቀው ነበር። የሁለተኛው ዘማች ግን ትምህርቱ ተቋርጦበት፣ ሕዝቡ የጠየቀውን ሳይሆን መንግሥት የነደፈውን ይዞ ሄደ፤ ብዙ ቦታም ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጨ፤ ከዘመቻው ጥሎ የጠፋውም ጥቂት አይደለም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ዛሬ በቤታችን ያለው ችግር ስላስገደደኝ ነው። ጥር 2015 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከወደቁት መካከል በየመድረሳችን የቀሩ ልጆች እንዳሉ ማንም ያውቃል። በአንጻሩ በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ሁለት ወር በቤታቸው የሚቀመጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በራሳቸው ተነሳሽነት ሒሳብና ፊዚክስ በነፃ ያስጠናሉ። ብዙዎቹ ግን ና ያላቸው፣ ነይ ያላቸው የለም። የቁርራኦቹን እንጨት የሚገዛ ገበያ፣ የሚሰበሰቡበትም መስጊድ ነበራቸው።

ስለዚህ የመስጊድ ኮሚቴዎች ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የመድረሳውን ክፍል ከዙህር እስከ ዐስር ይክፈቱ። ጠመኔ ይግዙ፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ስም ይመዝግቡ፤ ለሴት ልጆች የተለየ ሰዓት ወይም ክፍል ያዘጋጁ። ወላጆችም ያ ልጅ ከቀኑ ሁለት ሰዓት ቢሰጥ ቤት ውስጥ የሚጎድል ሥራ ካለ ታናናሾቹን ይዘዙ።