ቁመቱ አጭር፣ እጁ ግራ ለሆነ ተኳሽ፦ ኬንት ላይ ሾትጋንና ሽጉጥ ሲመረጥ ምን ይታያል?

የዛሬው ርዕስ በቪዲዮ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ አምጥተነዋል። መሣሪያ ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም። ለመግዛት የወሰነ ሰው፣ በተለይ ሰውነቱ ቀጠን፣ ቁመቱ አጠር ያለና በግራ የሚተኩስ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባውን ለመናገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ ከተደረደረው መሣሪያ አብዛኛው የተሠራው መካከለኛ ቁመት ላለውና በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ወንድ ነው። በዚያ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሚመርጠው ተጠቃሚው አይደለም። ሌሊት ሱቅ ለምትዘጋ እህት ወንድሟ ይመርጥላታል፣ ለሚስት ባል ይመርጥላታል። ውጤቱ ምላጩ የማይደረስበት ሽጉጥ፣ ትከሻ የሚያበልዝ ሾትጋን ይሆናል። አንዴ ተተኩሶ አልጋ ሥር ይገባል። ልምምድ ያልተደረገበት መሣሪያ ደግሞ ለሌባው ሳይሆን ለባለቤቱና ለልጆቹ ነው አደጋው። ስለዚህ ምርጫው ከብራንድ ሳይሆን ከሰውነት ይጀምራል። ከሰውነትም በፊት ግን ከወረቀት።

አንደኛ፦ ወረቀቱ

በዋሽንግተን ስቴት ሕግ አሜሪካዊ ዜግነት የሌለው ሰው መሣሪያ መያዝ የሚችለው ግሪን ካርድ ካለው ወይም ሕጉ በዘረዘራቸው ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ መግዛት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ከባድ ወንጀል ነው። የጥገኝነት ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ያለ ወይም በሥራ ፈቃድ ብቻ የምትኖሩ፣ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ ወደ መሣሪያ ሱቅ አትሂዱ። ለዜጋ ላልሆነ ሰው የመሣሪያ ወንጀል ከአገር የሚያስባርር ነው። ቅጹ ላይ "ዜጋ ነኝ" ብሎ በሐሰት መሙላትም እንዲሁ።

"እኔ ወረቀት ስላለኝ ለእሱ ልግዛለት" የሚል ደግነትም አለ። ይህ ቀልድ አይደለም። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው፣ በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስር ያስቀጣል። መሣሪያ መያዝ ለሚፈቀድለት የቤተሰብ አባል በራስ ገንዘብ እውነተኛ ስጦታ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ከጓደኛ መግዛትም ቢሆን ከ2014ቱ የሕዝብ ውሳኔ ወዲህ ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ባክግራውንድ ቼክ ተደርጎ ነው የሚፈጸመው።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውንም መሣሪያ ለመግዛት ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የደኅንነት ሥልጠና መውሰዳችሁን ማሳየት አለባችሁ። ከማመልከቻው በኋላም 10 የሥራ ቀናት ትጠብቃላችሁ። ከሜይ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ ከስቴት ፓትሮል የግዢ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ለእሱም በጥይት የተኩስ ልምምድ ያለበት ሥልጠና ይጠየቃል። ሽጉጥ ለመግዛት ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው መግዛት አይችልም። ካናቢስ በስቴቱ ቢፈቀድም የፌዴራሉ ቅጽ ይጠይቃል፤ ውሸት መሙላት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፦ እጃችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን እወቁ

እኛ አገር ግራኝ መሆን ስም የሚያወጣ ነገር ነው፤ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም እንኳ በታሪክ የሚታወቀው በዚሁ ቅጽል ነው። ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን "በቀኝህ ብላ፣ በቀኝሽ ጻፊ" ተብለን አድገናል። ስለዚህ በቀኝ የሚጽፍ፣ በቀኝ የሚጎርስ፣ ግን ድንጋይ ሲወረውር ግራውን የሚያነሳ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ለተኩስ ወሳኙ የምንጽፍበት እጅ አይደለም። ዒላማ የሚይዘው ዓይን ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግታችሁ በአውራ ጣትና በመዳፍ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። ሁለቱም ዓይኖቻችሁ ክፍት ሆነው በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነገር ተመልከቱ። አሁን አንዱን ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ፣ ዋናው ዓይናችሁ ክፍት የቀረው ነው። ከጠፋ የተጨፈነው ነው።

ዋናው ዓይን ግራ ከሆነ ሾትጋንን በግራ ትከሻ መተኮስ መማር ይሻላል፣ በቀኝ የምትጽፉ ብትሆኑም። ሾትጋን ላይ ጉንጭ ሰደፉ ላይ ስለሚያርፍ ዓይንና ትከሻ በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። ሽጉጥ ግን በተዘረጋ እጅ ስለሚያዝ ትንሽ ወደ ዋናው ዓይን ፊት ማምጣት ይቻላል። እዚያ ላይ ጠንካራው እጅ ይመረጥ።

ሦስተኛ፦ ሾትጋን

አገር ቤት ምንሽር ይዞ ያደገ ሰው መዝጊያው በቀኝ በኩል እንደሆነ ያስታውሳል። ሾትጋንም ከዚህ አይለይም፤ የብዙዎቹ ቀለህ የሚወጣው በቀኝ ነው። በግራ ትከሻ ስትተኩሱ ቀለሁ በፊታችሁ ሥር አቋርጦ ያልፋል። አደገኛ ባይሆንም ያስደነግጣል፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው።

መጀመሪያ የሰደፉን ርዝመት ተመልከቱ፤ ከምላጩ እስከ ትከሻ የሚያርፈው ጫፍ ያለውን ማለታችን ነው። የተለመደው ወደ 14 ኢንች ነው። ለአጭር ሰው ይህ ይረዝማል። መሣሪያውን ለመድረስ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ሰደፉም ከትከሻ ወርዶ ክንድ ላይ ያርፍና ምቱ እዚያ ይሆናል። ከ12 እስከ 13 ኢንች ያላቸው አጫጭር ሞዴሎች አሉ፤ ለምሳሌ የሞስበርግ 500 "ባንታም"። "የልጆች ነው" ብሎ የሚያፍር ካለ፣ ትከሻው ሲበልዝ ሐሳቡን ይቀይራል።

ሁለተኛው የጥይቱ መጠን ነው። 12 ጌጅ በስፋት የታወቀው ነው፣ ምቱም ከባድ ነው። 20 ጌጅ አነስ ያለ ነው። በተለመደው ጥይት 12 ጌጅ 32 ግራም ገደማ እርሳስ ሲወረውር፣ 20 ጌጅ 25 ግራም ገደማ ይወረውራል። ለቀጭን ሰው 20 ጌጅ በቂ ነው። ግን በጣም ቀላል መሣሪያ መምረጥ ወጥመድ ነው፤ መሣሪያው በቀለለ ቁጥር ምቱ ይጠነክራል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያም አለ። የ20 ጌጅ ጥይት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀርና፣ ከኋላው 12 ጌጅ ሲተኮስ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። የ20 ጌጅ ጥይት በተለምዶ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ቤት፣ በአንድ ኪስ አትቀላቅሉ።

ሦስተኛው ሴፍቲው ያለበት ቦታ ነው። ሬሚንግተን 870 ላይ ከምላጩ ኋላ ያለ ቁልፍ ነው፤ ለቀኝ እጅ ጣት የታሰበ ስለሆነ ለግራኝ ይቸግራል፣ ባለሙያ ሊገለብጠው ቢችልም። ሞስበርግ 500 ላይ ግን አናቱ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ነው፤ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። ኢታካ 37 እና ብራውኒንግ ቢፒኤስ ቀለሁን ወደ ታች ስለሚጥሉ ለግራኝ ምቹ ናቸው። ቤኔሊም ሙሉ በሙሉ ለግራ የተሠሩ ሞዴሎች አሉት፣ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ታጥፎ የሚከፈት ባለ ሁለት አፈሙዝ ከሆነ ሰደፉ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ለቀኝ እጅ የተጠመዘዘው የግራኝን ጉንጭ ይመታል።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። ሰደፍ የሚረዝምና የሚያጥር መሣሪያ ለአጭር ሰው ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በ2023 በወጣው የዋሽንግተን ሕግ፣ ራሱ የሚጎርስ ሾትጋን ተስቦ የሚያጥር ወይም የሚታጠፍ ሰደፍ ካለው መሸጥ አይቻልም። በእጅ የሚሳበውን ፓምፕ ይህ አይነካውም። ሰደፍ ማስቆረጥ ከፈለጋችሁ የመሣሪያው ጠቅላላ ርዝመት ከ26 ኢንች፣ አፈሙዙ ከ18 ኢንች እንዳያንስ። ቤት ውስጥ በመጋዝ አትሞክሩት፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

አራተኛ፦ ሽጉጥ

ባዶ መሆኑን አረጋግጡና በግራ እጃችሁ ጨብጡት። አፈሙዙ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ብሎ ሳለ የሌባ ጣታችሁ ጫፍ ምላጩ ላይ በደንብ ያርፋል? እጃችሁን ሳታጣምሙ ካልደረሳችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቅናሽ ቢኖረው ተዉት።

ቀጥሎ ስላይዱን፣ ማለትም የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል፣ ሳቡት። ብዙ ሰው የሚያቅተው እዚህ ነው። ዘዴው መሳብ ብቻ አይደለም፤ ሽጉጡን ወደ ደረት አቅርቦ፣ በቀኝ እጅ ስላይዱን አጥብቆ ይዞ፣ በግራ እጅ መያዣውን ወደ ፊት መግፋት ነው። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ይሁን፤ ግራኝ ሲስብ አፈሙዙ ወደ ጎን ዞሮ አጠገቡ ወደ ቆመው ሰው የመሄድ ጸባይ አለው። እንዲያም ሆኖ ካቃታችሁ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን "ሺልድ ኢዚ" የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በ380 እና በ9 ሚሊ ሜትር አለ፣ የካርታው መልቀቂያም ወደ ግራኝ ይገለበጣል። ያገለገለ የ9 ሚሊ ሜትሩን ከገዛችሁ ግን፣ ከማርች እስከ ኦክቶበር 2020 የተመረቱት በመዶሻቸው ችግር ለጥገና ተጠርተው ስለነበር የሴሪ ቁጥሩን ከአምራቹ አጣሩ። ዋልተር ፒዲፒ ኤፍ የተሠራው ለትንሽ እጅ ነው። ግሎክ 43ኤክስ እና ሲግ ፒ365 ቀጭን ናቸው፣ የካርታ መልቀቂያቸው ይገለበጣል፤ ስላይድ ማቆሚያቸው ግን በግራ ጎን ብቻ ስለሆነ ለግራኝ አውራ ጣት አይመችም፣ በሌባ ጣት መጫን መለማመድ ያስፈልጋል።

ዋሽንግተን ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ መሸጥ ከልክላለች። ይህ ለትንሽ እጅ ችግር አይደለም፤ ቀጫጭኖቹ ሽጉጦች የሚይዙትም ይህንኑ ያህል ነው።

"ሴት ከሆነች ሪቮልቨር ይበቃታል" የሚለው ምክር ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ሪቮልቨር ስላይድ የለውም፣ ለመተኮስ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። ግን ምላጩ ይከብዳል፤ ትንሹና ቀላሉ ደግሞ እጅ ክፉኛ ይመታል። ከበሮው ወደ ግራ ስለሚከፈት ግራኝ ጥይት ለመሙላት እጅ መቀያየር አለበት። ቻርተር አርምስ "ሳውዝፖ" የሚባል፣ ለግራኝ የተገለበጠ 38 ሪቮልቨር ሠርቷል። ሌላውን የምትመርጡ ከሆነ የብረቱ፣ ከበድ ያለው ይሻላል።

አምስተኛ፦ ሳይተኩሱ አይግዙ

የሚያከራይ የተኩስ ልምምድ ቦታ ሂዱና ቢያንስ ሁለት ሦስት ሞዴል ሞክሩ። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ አንገቱ ክፍት የሆነ ልብስ አትልበሱ፤ ትኩስ ቀለህ ይገባል። መያዣ ሆልስተር ስትገዙ "ለግራ" ብላችሁ እዘዙ።

ለሥራ የምታስቡ ደግሞ ይህን እወቁ። ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዲይዙ አይፈቅዱም። ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ከፖሊስ ወይም ከሸሪፍ የሚወጣ፣ 5 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ያስፈልጋል። የጎረሰ ሾትጋን መኪና ውስጥ መያዝ ክልክል ነው። ሱቅ ያላችሁም፣ ቢራ ይዞ በሚሮጥ ሌባ ላይ ሽጉጥ ማውጣት ባለሱቁን ራሱን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላል።

መጨረሻ፦ ቤት ውስጥ

አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በእኛ ቤት "ጭንቀት" ተብሎ በዝምታ የሚታለፍ ስንት ነገር እንዳለ እናውቃለን። ቤት ውስጥ የከፋው ወጣት፣ ሥራ ያጣ አባት፣ ትዳሩ የተናጋ ሰው ካለ፣ መሣሪያው ያን ጊዜ ከቤት ቢወጣ ይሻላል፤ እንዴት በሕጋዊ መንገድ እንደሚወጣ ፖሊስን ወይም ፈቃድ ያለውን ሻጭ ጠይቁ። 988 ብሎ መደወልም ነውር አይደለም።

በ2018 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት የዋሽንግተን ሕግ፣ ሳይቆለፍ የተተወ መሣሪያ ልጅ እጅ ገብቶ ጉዳት ቢደርስ ባለቤቱን በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ሻንጣ ውስጥ መደበቅ መቆለፍ አይደለም፤ ልጅ የማያውቀው ቦታ የለም። የብረት ካዝና ግዙ፣ በዋሽንግተን የመሣሪያ ካዝና የሽያጭ ታክስ የለበትም። አፓርታማ ለምትኖሩም፣ የሽጉጥም ሆነ የሾትጋን ከባድ ጥይት የጂፕሰም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ቤት ሊገባ እንደሚችል አትርሱ።

በአጭሩ፦ ወረቀታችሁ ይፈቅዳል? ዋናው ዓይናችሁ የቱ ነው? ሰደፉ ይደርሳል? ምላጩ ይደረሳል? ስላይዱ ይሳባል? የሚቆለፍበት አለ? ከስድስቱ አንዱ "አይ" ከሆነ ቀኑ አልደረሰም ማለት ነው። መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ራሱ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ በራሱ እጅ ጨብጦ ይምረጥ።

ግራኝ የሆናችሁ፣ የተመቻችሁንና ያልተመቻችሁን ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ሰላም ያገናኘን።